ደሴ ሙዚየም ውስጥ ፎቶ የተነሳችሁ ሰዎች አልበማችሁን ክፈቱልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በመጀመሪያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ ደሴ ፒያሳ ፎቶና ስእል ፍሬም የማረግ ሰው ነኝ፣ እንጨትና መስታወት ስቆርጥ 26 አመት ሞላኝ። ሱቄ ግድግዳ ላይ የካእባ ፎቶም የእመቤታችን ስእልም የሙሽራም የተመራቂም ጎን ለጎን ተደርድሮ ነው ሚውለው፣ ወሎ ያው ታውቁታላችሁ። ጋዜጣችሁን ሁሌ ባላገኛትም እጄ ስትገባ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነው ማነባት። ሰሞኑን አሜሪካ ሙዚየሞች ውስጥ ስላሉ የሀገራችን ስእሎችና ብራናዎች ያወጣችሁትን አንብቤ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ግን ጽሁፉ በአብዛኛው ስለ አዳራሹ ማማርና ስለ ተመልካቹ ብዛት ነው ያወራው፣ ከአዳራሹ ጀርባ ስለሚሰሩት ሰዎች አንድ መስመር እንኳን የለም። እኔ ልጽፍላችሁ የተነሳሁት ስለነሱ ነው፣ ከዛ ደግሞ ስለ ራሳችን ሙዚየም አንባቢዎቻችሁን የምለምነው አንድ ነገር አለኝ።

የእህቴ ልጅ ባልቲሞር ነው ምትኖረው። እዛው አካባቢ አንድ ሙዚየም ውስጥ ስእል ከሚያሽጉ ከሚያጓጉዙና ከሚሰቅሉ ሰዎች ጋር ትሰራለች። ልጅ እያለች ትምህርት ሲዘጋ ሱቄ እየመጣች ሚስማር እያቀበለችኝ ነው ያደገችው፣ እና እሁድ እሁድ ስትደውል ወሬያችን ሁሉ ስለ እንጨት ስለ መስታወት ስለ ሙጫ ነው፣ እናቷ አጠገቤ ከሆነች "እናንተ ሌላ ወሬ የላችሁም እንዴ" ብላ ስልኩን ትቀማኛለች። ዋልተርስ የሚባለው የባልቲሞር ሙዚየም በፈረንጆቹ ከዲሴምበር 2023 እስከ ማርች 2024 ትልቅ የኢትዮጵያ ጥበብ ኤግዚቢሽን አሳይቶ ነበር፣ ከ220 በላይ እቃ የቀረበበት፣ ከዛ ማሳቹሴትስ ሳሌም ወዳለው ፒቦዲ ኤሴክስ ሙዚየም ቀጥሎም ኦሃዮ ወደሚገኘው የቶሌዶ ሙዚየም የሄደ። የዘመኑን ስራዎች ክፍል ያዘጋጀችው ደግሞ ጸዳለ መኮንን... ይቅርታ ጸዳዬ መኮንን የምትባል የኛው ዘር የሆነች አርቲስት ናት። የእህቴ ልጅ በእረፍት ቀኗ ሄዳ ያነሳችውን ፎቶ ማታ ላከችልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ስእሎቹን ከፊት ከፊታቸው ነበር ሚያነሳው፣ እሷ ግን ግማሹን ከጎን ነው ያነሳችው፣ "ጋሼ በምን እንደተያዘ እስቲ ይዩልኝ" ብላ።

ዋልተርስ ካሉት እቃዎች አንዱ እንደ ማራገቢያ የሚተጣጠፍ የብራና ስእል ነው፣ 15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የተሰራ። ሲታጠፍ መጽሐፍ ይመስላል፣ ሲዘረጋ ክብ ይሆንና እመቤታችንን ጨምሮ ቅዱሳኑ ዙሪያውን ተሰልፈው ይቆማሉ። ከጉንዳ ጉንዴ ገዳም የሆነ በ1540 ገደማ የተጻፈ ወንጌልም አላቸው። እነዚህ ነገሮች ከሀገር እንዴት ወጡ የሚለው ራሱን የቻለ ትልቅ ጥያቄ ነው፣ እኔንም ያመኛል፣ ዛሬ ግን እሱን ልተወውና ስለ አያያዙ ልናገር።

ብራና ቆዳ ነው። ከበሮ ያለው ሰው ያውቀዋል፣ በክረምት ድምጹ ይረግባል ፀሀይ ሲያገኘው ይወጠራል። ብራና ላይ የተሳለ ስእልም እንደዛው ነው፣ ቆዳው እርጥበት ሲስብ ይለጠጣል ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ላዩ ላይ ያለው ቀለም ግን አብሮት መለጠጥ ስለማይችል ይሰነጠቅና እንደ ቅርፊት ይነሳል። ለዛ ነው አንድ ሳጥን ከሌላ ከተማ በመኪና ሲመጣ ወዲያው የማይከፈተው፣ ብዙ ጊዜ 24 ሰአት ያህል እንደታሸገ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ከክፍሉ አየር ጋር ይላመዳል። እኔ ይሄን ስሰማ ገርሞኝ ነበር፣ እኛ እኮ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ የመጣ ስእል ገመዱ ሳይፈታ ነው መዶሻ የምናነሳው። ሲከፈት ደግሞ ሬጅስትራር የሚሏት ሰው አለች፣ እንደ ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን የእቃ መዝጋቢ ማለት ነው፣ እቃው ከመነሳቱ በፊት የተጻፈውን ወረቀትና ፎቶ ይዛ ትቆማለች፣ እዚህ ጥግ ጋ 2 ሚሊሜትር ስንጥቅ ነበር፣ አለ፣ እዚህ ጋ ቀለም ተነስቷል፣ ያው ነው አልጨመረም፣ እያለች አንድ በአንድ ታያለች። ሲወጣ ይጻፋል ሲደርስ ይጻፋል ሲመለስ ይጻፋል። የሚጻፈው በእርሳስ ብቻ ነው፣ እስክሪብቶ ይዞ ስእል አጠገብ መቆም ክልክል ነው ምክንያቱም ቀለሙ አንዴ ከነካ አይለቅም። ጓንት ደግሞ ለብረትና ለፎቶ ያረጋሉ፣ ለብራና ግን ብዙዎቹ በንጹህ በደረቀ እጅ መያዙን ይመርጣሉ፣ በጓንት ጣት ቅጠሉ አይታወቅምና ይቀደዳል።

መብራቱስ። ለወረቀትና ለብራና የሚፈቀደው 50 ሉክስ አካባቢ ነው፣ ሉክስ የብርሀን መለኪያ ነው፣ 50 ጨለም ያለ ማለት ነው፣ ለዛ ነው ሙዚየም የሄደ ሰው ሁሉ "ምነው አጨለሙት" የሚለው። ብርሀን ያጠፋውን ቀለም ማንም አይመልሰውም፣ ዛሬ የደረሰበት ነገ ከሚደርስበት ላይ እየተደመረ ነው ሚሄደው። እኔ ስልኬ ላይ መለኪያ አፕ ጭኜ የሱቄ መስኮት ጋ ቀትር ላይ ስለካው ከ2 ሺህ በላይ አሳየኝ፣ እዛ መስኮት ላይ እኮ ለማስታወቂያ ብዬ የሰው ፎቶ ለአመታት ሰቅዬ ነበር። የዛኑ ቀን አወረድኩት። መጽሐፍ ሲያሳዩም ገጹን ብጥር አድርገው አይዘረጉትም፣ ጥራዙ የሚችለውን ያህል ብቻ ከፍተው በሱ ልክ የተሰራ መደገፊያ ላይ ያስቀምጡታል፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ደግሞ አንዱ ገጽ ብቻ ብርሀን እንዳይበላው ይገልጡታል። ያንን መደገፊያ ለመስራት ብቻ የተቀጠረ ሰው አለ። ነሀስ ያጎብጣል፣ ይሞርዳል፣ እቃውን የሚነካበት ቦታ ላይ ለስላሳ ነገር ያለብሳል፣ ከፊት ሲታይ ምንም እንዳይታይ አርጎ ይሰራዋል። ስሙ የትም አይጻፍም። እኔ እንደዚህ አይነት ሰው ነው መሆን ምፈልገው ብዬ ለልጅቷ ነገርኳት።

አሁን አንድ የሚከብደኝን ነገር ልንገራችሁ። ከ9 አመት በፊት አንዲት እናት ከኮምቦልቻ የአባታቸውን ፎቶ ይዘው መጡ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ጥግ ጥጉ የተቀደደ፣ ሌላ ኮፒ የሌለው። "ልጄ እንዳይበላሽ አርገህ ስራልኝ" አሉኝ። እኔ ያኔ የማውቀውን ሰራሁ፣ ኮላ ቀብቼ ማዞኒት ላይ ለጠፍኩት፣ መስታወቱን ከላይ ጥብቅ አርጌ በሚስማር መታሁት፣ ደስ ብሏቸው ሄዱ። ሁለት ክረምት አለፈ። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሳምንት ሙሉ አይነሳም፣ እና እሳቸው ቤታቸው ኮምቦልቻ ቢሆንም ፎቶውን ደሴ ልጃቸው ቤት ነበር የሰቀሉት። ይዘውት ሲመጡ ውስጡ አብጦ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። ቀስ ብዬ ልለየው ስሞክር የአባታቸው ፊት ግማሹ መስታወቱ ላይ ቀረ። እሳቸው አልጮሁም አልተቆጡም። "ምን ታረገዋለህ ልጄ" አሉና መስታወቱንም ማዞኒቱንም በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘው ሄዱ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የኔ ነው። እስካሁን ከኮምቦልቻ የሚመጣ ታክሲ ሱቄ ፊት ለፊት ሲቆም ማን እንደሚወርድ አያለሁ።

ለልጅቷ ይሄን የነገርኳት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፣ እሷም መጀመሪያ ዝም አለች ከዛ አስረዳችኝ። ፎቶው ላይ ያለው ሽፋን ጄላቲን ነው፣ እርጥበት ሲያገኝ ሙጫ ይሆናል፣ ስለዚህ ፎቶና መስታወት በፍጹም መነካካት የለባቸውም፣ በመሀላቸው የካርቶን ጠርዝ ወይም ቀጭን እንጨት ገብቶ ክፍተት መኖር አለበት። ከጀርባው የሚሆነው ካርቶን አሲድ የሌለው መሆን አለበት፣ ማዞኒትና ኮምፔንሳቶ ከውስጣቸው በሚወጣው ነገር ወረቀትን ያቢጫሉ። ፎቶ ጭራሽ አይለጠፍም፣ አራቱ ጥግ ላይ ከወረቀት በሚታጠፍ ኪስ ብቻ ነው የሚያዘው። የተቀደደ ወረቀት የሚጠግኑት ሰዎች ደግሞ ከስንዴ ስታርች አብስለው በሚሰሩት ሙጫና በስስ የጃፓን ወረቀት ነው የሚጠግኑት፣ ምክንያቱም ያ ሙጫ ከ50 አመት በኋላም በትንሽ ውሀ ይለቃል። የሙያው ትልቁ ህግ እሱ ነው አለችኝ፣ ዛሬ የሰራኸውን ነገ የሚመጣ ሰው ሊያፈርሰው መቻል አለበት። እኔ ለብዙ አመት እንዳይላቀቅ አርጌ ስሰራ ነው የኖርኩት፣ ደምበኛም "ጠንከር አርገው" ነው የሚለኝ። ከዛን ጊዜ ጀምሮ ኮላ ለፍሬሙ እንጨት ብቻ ነው፣ ለፎቶ አይነካም።

በህይወት ላሉ አርቲስቶች ስራ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ኤልያስ ስሜን ውሰዱ፣ የተጣለ የኮምፒውተር ሰርኪትና የኤሌክትሪክ ሽቦ እንጨት ላይ እየሰፋና እየመታ ትልልቅ ስእል የሚሰራው የአዲስ አበባው ሰው፣ 2019 ላይ ሀሚልተን ኮሌጅ ያለው ዌሊን ሙዚየም ስራዎቹን በትልቁ አሳይቷል። የሽቦው ፕላስቲክ ከ30 አመት በኋላ ምን ይሆናል፣ ቢወድቅ በሌላ ሽቦ ይተካ ወይስ እንደወደቀ ይተው? እንዲህ አይነት ስራ የሚገዙ ሙዚየሞች አርቲስቱን ራሱን ቁጭ አርገው ይጠይቁና መልሱን ከስእሉ ጋር ፋይል ያረጉታል። የሰአሊውን የእስክንድር ቦጎስያንን እድሜ አስቡት፣ በፈረንጆቹ 1937 አዲስ አበባ ተወልዶ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ስንቱን አስተምሮ 2003 ዋሽንግተን ያረፈው፣ ኖርዝ ካሮላይና ሙዚየም ያለው የ1964ቱ ትልቁ ስእሉ የዘይት ቀለም ላይ የተለጣጠፈ ነገርም አለበት። በምን እንደለጠፈው ዛሬ ሊጠየቅ የሚችል እስክንድር የለም፣ የተጻፈ ካለ አለ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ቦስተን ውስጥ ኢዛቤላ ስቱዋርት ጋርድነር የምትባል ሴት በ1903 የከፈተችው ሙዚየም አለ። ማርች 18 ቀን 1990 ሌሊት ሁለት ሰዎች የፖሊስ ልብስ ለብሰው አንኳኩ፣ አንዱ ጥበቃ ከፈተላቸው፣ ሁለቱንም ጥበቃዎች አሰሯቸው፣ 81 ደቂቃ ውስጥ ቆይተው 13 እቃ ይዘው ሄዱ። የቬርሜር ስእል፣ የማኔ፣ የዴጋ፣ ከሁሉ ትልቁ ደግሞ ሬምብራንት በ1633 የሳለው የገሊላ ባህር ማእበል፣ ደቀ መዛሙርቱ ጀልባ ላይ ሲንገላቱ የሚታይበት፣ ሬምብራንት በህይወቱ የሳለው ብቸኛው የባህር ስእል። ሌቦቹ ሸራውን ከፍሬሙ በስለት ቆርጠው ነው የወሰዱት። እስከዛሬ አንዱም አልተገኘም፣ ሙዚየሙ ለጠቆመ 10 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ብሎ አውጇል። ሴትዮዋ 1924 ላይ ስትሞት በኑዛዜዋ እኔ እንዳስቀመጥኩት ይቀመጥ ምንም እንዳይነካ ብላ ስለነበር፣ ፍሬሞቹ ባዷቸውን እዛው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ሰው ሄዶ ባዶ ፍሬም ያያል።

የዚህን ፎቶ ያየሁ ቀን ፍሬም ሰሪ ነኝና ብዙ ሰአት ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ከዛ ገብቼ ስፈልግ የማእበሉ ስእል ልክ ተጽፏል፣ 160 በ128 ሳንቲ ሜትር። በምን ላይ እንደተሳለ አለ፣ ፊርማው የት ጋ እንዳለ አለ፣ ባለ ቀለም ፎቶው አለ። የአለም ፖሊስ ሁሉ ያውቀዋል፣ ጨረታ ቤት ሁሉ ያውቀዋል፣ የትም ሀገር ቢወጣ ይሄ የጋርድነር ነው የሚል አይጠፋም። እኔ ደሴ ፒያሳ ቁጭ ብዬ ከ30 አመት በላይ በፊት ከቦስተን የተሰረቀን ስእል ልክ በሳንቲ ሜትር አወቅኩት። ከሱቄ በእግር ከሚደረሰው ከራሴ ከተማ ሙዚየም ስለወጣው ግን አንድም እቃ ልኩን ልነግራችሁ አልችልም።

በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴ ሲገባ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ያ ግቢ ውስጥ የነበረውን የደሴ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፣ ትምህርት ቤት ወስዶን በሰልፍ ገብተን "አትንኩ" እየተባልን ያየነው ነው። ከዛ በኋላ ሰው ሲያወራ የምሰማው ስለ ህንጻው ነው፣ ይታደስ፣ ይስፋ፣ አሜሪካ እንዳሉት አይነት የመስታወት ሳጥን ይግባለት። ደስ ይለኛል ይግባለት። ግን ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ወረቀት ነው። ምን ነበረን? ስንት? ምን ያህል ቁመት? ምን ተጽፎበታል? የት ጋ ተሰብሯል? ይሄ ሳይኖር አንድ ቀን የሆነ ሀገር ገበያ ላይ የኛ እቃ ቢወጣ ማን ነው የኛ ነው የሚለው፣ በምን ማስረጃ?

ለዚህ የተዘጋጀ ቀላል ፎርም አለ። ሎስ አንጀለስ ካለው የጌቲ ሙዚየም ጋር አንድ ቤት የነበረው የጌቲ የመረጃ ተቋም ነው ያስጀመረው፣ በፈረንጆቹ 1997 የወጣ፣ ኦብጀክት አይዲ ይባላል፣ ፖሊስም ጉምሩክም ሙዚየምም ይጠቀምበታል። የሚጠይቀው ነገር ማንም ሰው የሚሞላው ነው። ፎቶው፣ ምን አይነት እቃ እንደሆነ፣ ከምን እንደተሰራ፣ ልኩ፣ ላዩ ላይ ያለ ጽሁፍ ወይም ምልክት፣ ምን እንደሚያሳይ፣ መቼና በማን እንደተሰራ ከታወቀ፣ እና ከሌላው የሚለየው ነገር፣ ለምሳሌ ጭረት ወይም የተጠገነ ቦታ። እኔን ይሄ መጨረሻው ነው በጣም የገባኝ። ሁለት ጋሻ ሊመሳሰል ይችላል፣ ሁለት ጋሻ ግን አንድ ቦታ ላይ አንድ አይነት ጭረት አይኖረውም።

ይሄ ደግሞ የፈረንጅ ነገር ነው ለኛ አይሆንም የሚል ካለ ሐይቅን ይመልከት። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር የማትሞላ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል በፈረንጅ 1280 ወይ 81 የተጻፈ ነው፣ ቀናቸው ከሚታወቅ ባለ ስእል የሀገራችን መጻሕፍት ቀደምቱ ውስጥ የሚቆጠር፣ አባታችን ራሳቸው የተሳሉበት። መጽሐፉ ያለው እዚሁ ነው፣ ገጾቹ የተነሱበት ማይክሮ ፊልም ግን አሜሪካ ሚኒሶታ ነው ያለው፣ ሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ሂል የሚባል የብራና ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ቁጥሩም ኢ.ኤም.ኤም.ኤል 1832 ነው። በፈረንጆቹ ከ1973 ጀምሮ በየገዳሙ እየተዞረ 9 ሺህ የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮ ፊልም ተነስተዋል። እነዛን አንድ በአንድ እያነበቡ ምን እንደሆኑ ከጻፉት ዋነኛው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፣ 1975 ላይ በጥይት ተመተው ከዛ ጀምሮ በተሽከርካሪ ወንበር የኖሩት፣ 1988 ላይ የማክአርተር ሽልማት ያገኙት፣ 2021 ያረፉት። አንድ ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሚኒሶታ በረዶ ውስጥ የኛን የሐይቅን የላስታን የሸዋን መጽሐፍ ገጽ እየቆጠረ ጻፈ። እነዛ ካታሎጎች ስላሉ ዛሬ ከተነሱት መጻሕፍት አንዱ ጠፍቶ ቢወጣ ይታወቃል። የተነሱት ነጭና ጥቁር ናቸው፣ ጥራቱም እንደዛሬው አይደለም፣ ግን ይበቃል። ማስረጃ ለመሆን ቆንጆ ፎቶ አያስፈልግም።

ይሄን ሀሳብ ይዤ አንድ መስሪያ ቤት ሄጄ ነበር። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ያነጋገረኝ ልጅም ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን "አባባ እቃው ከሌለ ፎቶው ምን ያረጋል" አለኝና ሌላ ባለጉዳይ ጠራ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆሜ ትንሽ አሰብኩ። ልጁ ልክ ሊመስለው ይችላል፣ ማንም ከጀርባ ያለውን ስራ አላሳየውም። እኔንም የእህቴ ልጅ ባታሳየኝ ኖሮ እንደሱ ነበር ምለው።

ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል የምለምነው ይሄ ነው። ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ፣ አዲስ አበባም አረብ ሀገርም አሜሪካም የሄዳችሁ የወሎ ልጆች፣ ሙዚየሙ ውስጥ ወይም ግቢው ውስጥ የተነሳችሁት ፎቶ ካለ ፈልጉ። የትምህርት ቤት ጉብኝት፣ የሰርግ፣ ከእንግዳ ጋር፣ ከስራ ባልደረባ ጋር፣ ምንም ይሁን። እናንተን አይደለም ምንፈልገው ከጀርባችሁ ያለውን ነው። አልበም ውስጥ ከሆነ በግድ አትላጡት፣ የድሮዎቹ አልበሞች የሚያጣብቁ ናቸው፣ ፎቶው ካልለቀቀ ከነ ገጹ በስልክ አንሱት፣ መስኮት አጠገብ ሆናችሁ፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ፣ መስታወት ካለው ትንሽ ዘንበል አርጋችሁ። ከጀርባው ጽሁፍ ካለ እሱንም አንሱ። ሰዎቹ እነማን እንደሆኑና አመተ ምህረቱን የምታስታውሱ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ፎቶው ላይ ልትጽፉ ካላችሁ በእርሳስ፣ ጠርዙ ላይ፣ ሳትጫኑ። ኦሪጅናሉን ለማንም አትስጡ ለኔም ቢሆን። እዛ ሰርታችሁ ጡረታ የወጣችሁ አስጎብኚዎችና ጥበቃዎች ደግሞ ፎቶ ባይኖራችሁም የምታስታውሱትን ንገሩን፣ በየቀኑ የወለወለው ሰው የማያውቀው ጭረት የለም። ሙዚየሙ የራሱ የእቃ መዝገብ ተርፎለት ከሆነ ደግሞ የኛ ፎቶ ከሱ ጋር ይመሳከራል፣ ቢሰበሰብ የሚጎዳ ነገር የለም። እኔ የሚመጣውን ሁሉ በነጻ አትሜ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ አንዱን ኮፒ ለሙዚየሙ አንዱን ለዩኒቨርሲቲው ለማስረከብ ቃል እገባለሁ።

ጀምሬያለሁ እኮ። ባለፈው ወር ሱቄን ሳጸዳ ደምበኛ ፍሬም አሰርቶ ሳይወስደው የቀረ ፎቶ አገኘሁ፣ ከ15 አመት በላይ ቆይቷል። 11 ተማሪዎች በሁለት ረድፍ ቆመዋል፣ ቦታው ሙዚየሙ ውስጥ ነው፣ ግድግዳውን አውቀዋለሁ። ከኋላቸው የጋሻ ግማሽ ይታያል፣ መሀሉ ጎበጥ ያለ፣ ጠርዙ ላይ የተቀደደ ቦታ አለው፣ ወደ ታች በሰያፍ የወረደ። ከአጠገቡ ቆማ የነበረችው ረጅም ልጅ ነጭ ሹራብ ለብሳለች፣ ጸጉሯ ሹሩባ ነው፣ ጋሻውን ዞር ብላ እያየች ስለነበር ፊቷ በግማሽ ነው የሚታየው። የጋሻውን ልክ ለማወቅ ያለኝ መለኪያ የሷ ትከሻ ብቻ ነው። ይሄን ካነበበች ወይም የሚያውቃት ሰው ካነበበ ትምጣልኝ፣ ቁመቷን እለካለሁ፣ ደግሞ ያን ቀን ሌላ ፎቶ ተነስታ ከሆነ ግማሹ የቀረው ጋሻ እሱ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ፎቶው ሱቄ ውስጥ ነው፣ ከመስታወቱ ለይቼ፣ ጨለማ ቦታ፣ በወረቀት ኪስ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ፍሬም ሰሪው፣ ደሴ ፒያሳ